ቅጠሉ ይቆየን፤ መጀመሪያ ፈሳሹን እንምረጥ

ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ ወይም ጤና አዳም በአረቄ ዘፍዝፎ ቁምሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ብዙ ቤት አንድ ጠርሙስ አይጠፋም። የአሁኑ ለውጥ ሰዉ ከአረቄ ወጣ ብሎ መሞከር መጀመሩ ነው። አንዱ በቮድካ ይዘፈዝፋል፣ አንዷ በግሊሰሪን፣ ሌላው በወይራ ዘይት፣ አንዳንዱ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት በገዛው የቁስል አልኮል። እርስ በርስ ሲጠያየቁ ብትሰሙ ወሬው ሁሉ ስለ ቅጠሉ ነው፦ ስንት ግራም፣ ስንት ቀን፣ ስንት ጠብታ። ፈሳሹ "ያው አልኮል ነው" ተብሎ ይታለፋል።

እኔ የምለው ግን ከቅጠሉ በፊት ፈሳሹ ይመረጥ ነው። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ከቅጠሉ ውስጥ ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር የሚወስነው ፈሳሹ ነው። ሁለተኛ፣ ቅጠሉ ተጨምቆ ይጣላል፤ ፈሳሹ ግን አይጣልም። የምትውጡት እሱን ነው።

ከወጥ ቤት እንነሳ። ቅቤ ሲነጠር ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ እርድ ይገባበታል። እርዱ ቅቤውን ቢጫ ያደርገዋል፣ የኮሰረቱ ሽታ ለወራት አይለቅም፣ ቅመሙ ግን ተጠልሎ ይጣላል። ቅቤው ከቅመሙ የሚችለውን ወስዷል ማለት ነው። ያንኑ እርድ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምሩትና እዩ። ውሃው ይደፈርሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ዱቄቱ ከታች ይዘቅጣል። እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን የሚባለው ነገር ስብ ይወዳል፣ ከውሃ ጋር አይስማማም። ስኳርና ጨው ደግሞ በተቃራኒው ናቸው፤ ውሃ ውስጥ ወዲያው ይጠፋሉ፣ ዘይት ውስጥ ግን እንደ አሸዋ ይቀመጣሉ።

አንድ ቅጠል ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ነገር አለ። አፍ የሚያጣብቀው ታኒን፣ ስኳሩ፣ የሚያሙለጨልጨው ነገር ወደ ውሃ ይሄዳል። ሽታ የሚሰጠው ዘይት፣ ሬዚን የሚባለው ከውሃ የማይስማማ የዛፍ ዝልግልግ፣ የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም፣ ሰሙ ወደ ስብ ይሄዳል። ኤታኖል፣ ማለትም የሚጠጣው አልኮል፣ መሃል ላይ ነው። በአንድ ወገኑ ከውሃ ጋር ይስማማል፣ በሌላው ወገኑ ከዘይት ቢጤዎች ጋር። ደግሞ ከውሃ ጋር በፈለጋችሁት መጠን ይቀላቀላል፤ ስለዚህ ውሃውን ጨመር ቀነስ እያደረጋችሁ ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ወገን ልታዘነብሉት ትችላላችሁ። ቲንክቸር የሚባለው፣ ማለትም ዕፅዋት ተዘፍዝፎ የሚወጣው ንክር፣ በዓለም ዙሪያ በብዛት በአልኮል የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። የማይበላሽ መሆኑ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም ነው።

ይሄንን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ፒያሳ ካሉት ቡና ቤቶች አንዱ ገብቶ ኡዞ ይዘዝ። ኡዞ ሲቀዳ እንደ ውሃ ንጹህ ነው። ውሃ ሲጨመርበት ወተት ይመስላል። ያንን የእንስላል ቢጤ ሽታ የሚሰጠው አኔቶል የተባለ ዘይት ነው፤ በጠንካራ አልኮል ውስጥ ተሟሙቶ አይታይም። ውሃው ሲጨመር የአልኮሉ መጠን ወርዶ ዘይቱን መያዝ ያቅተውና ዘይቱ በጣም ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ይወጣል። ነጩ ነገር እሱ ነው። ከርቤ በጠንካራ አልኮል ዘፍዝፋችሁ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስትጨምሩት ድፍርስ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተበላሸ ብላችሁ አትድፉት።

አሁን ደግሞ ከኛው አገር አንድ ትልቅ ታሪክ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ ነገሩ ብዙ ምርምር አስከተለ፤ አዲስ አበባ ያለው በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም የሳቸው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይሄን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የተገኘው ነው። የእንዶድ ፍሬ ተፈጭቶ በውሃ ሲዘፈዘፍ ቀንድ አውጣ ይገድላል። ያው ፍሬ በሜታኖል፣ ማለትም በማይጠጣው መርዛማ አልኮል፣ ሲዘፈዘፍ ግን የሚወጣው ነገር አይገድልም። ምክንያቱ ፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን፣ ማለትም አረፋ የሚሰጠው ነገር፣ ግራና ቀኙ ላይ ስኳር ተለጥፎበት ነው የሚቀመጠው። ፍሬው ተፈጭቶ ውሃ ሲያገኝ እዚያው ፍሬ ውስጥ ያለ ኢንዛይም የአንዱን ወገን ስኳር ይቆርጠዋል፣ ያኔ ሳፖኒኑ ገዳይ ይሆናል። ሜታኖል ግን ኢንዛይሙን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል፤ ሳፖኒኑ ይወጣል፣ ግን እንደተቆለፈ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ፍሬው ያው፣ መጠኑ ያው፣ ፈሳሹ ብቻ ተለወጠና ውጤቱ ሌላ ሆነ። ስለዚህ አንድ ሰው "እናቶቻችን ይሄን ቅጠል በውሃ አፍልተው ጠጥተው ምንም አልሆኑም፣ እኔ በአልኮል ብዘፈዝፈው ምን ችግር አለው" ሲል መልሱ "ያው ቅጠል ነው፣ ያው መጠጥ ግን አይደለም" ነው።

ጤና አዳምን ውሰዱ። ቡና ላይ ጣል የምትደረገው ቅርንጫፍ ለደቂቃዎች ሙቅ ቡና ውስጥ ትቆያለች፣ ሽታዋን ትሰጣለች፣ ትወጣለች። አንድ እፍኝ ጤና አዳም ለሳምንታት በጠንካራ አልኮል ሲቀመጥ ግን ዘይቱም፣ ፉራኖኩማሪን የሚባሉት ነገሮችም በብዛት ይወጣሉ። እነዚህ ፀሐይ ሲመታቸው ቆዳን የሚያቃጥሉ ናቸው፤ ዘይቱ ደግሞ ማህፀንን የሚያነሳሳ ስለሆነ ነፍሰ ጡር ሴት ጨርሶ ልትነካው አይገባም። ኮሶም እንደዚሁ ነው። ትሉን የሚያስወጣው የኮሶ ኃይል ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ለዚህም ነው ድሮ አበባው ተፈጭቶ ከነዱቄቱ የሚጠጣው። በአልኮል ሲዘፈዘፍ መጠኑ ከቁጥጥር ውጭ ይሆናል፣ ኮሶ ሲበዛ ደግሞ የዓይን ነርቭ እንደሚጎዳ ይታወቃል። አስተናግርን ስሙንም አላነሳው ነበር፣ ግን የሚሞክር አይጠፋምና፤ መርዘኛ ነው፣ በምንም ፈሳሽ አትዘፍዝፉት።

እሺ፣ የትኛው አልኮል?

አረቄ እንየው መጀመሪያ፣ ቅርባችን ስለሆነ። ተራ አረቄ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 በመቶ በታች ነው፣ ዳግም አረቄ ወደ 45 በመቶ ይጠጋል። ለደረቀ ቅጠል ይሄ መጠን ጥሩ ነው። ከ40 እስከ 50 በመቶ ያለ አልኮል ከውሃውም ከዘይቱም ወገን ይወስዳል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የአረቄ ጠርሙስ ላይ ቁጥር አልተጻፈም። አንዱ ሠፈር የሚሸጠው ከሌላው ይለያል፣ ውሃ የሚቀላቅልም አለ፣ ከዚያ የከፋም አለ።

የከፋው ሜታኖል ነው። ከኤታኖል ጋር መንታ ነው ማለት ይቻላል፤ መልኩ፣ ሽታው፣ አነዳደዱ ይመሳሰላል። ጉበት ግን ወደ ፎርማልዲሃይድ፣ ከዚያ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል፣ ይሄ ደግሞ የዓይን ነርቭን ያቃጥላል። ንጹህ ሜታኖል 10 ሚሊ ሊትር አካባቢ እንኳ ሊያሳውር ይችላል፣ 30 ሚሊ ሊትር አካባቢ ሊገድል። በቤት ከእህል የተጠመቀ አረቄ በራሱ የሚያወጣው ሜታኖል ትንሽ ነው፤ ሰው የሚጨርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሻጩ "ኃይል እንዲኖረው" ብሎ የፋብሪካ አልኮል ሲያፈስበት ነው። መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን መድፋት ጥሩ ልማድ ቢሆንም ሜታኖሉን ጠርጎ አያወጣውም።

"እሳት ለኩሼ አየሁት፣ ሰማያዊ ነደደ፣ ንጹህ ነው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እባካችሁ አትመኑት። ሜታኖልም ሰማያዊ ነው የሚነደው። እሳቱ የሚነግራችሁ ፈሳሹ ውስጥ በቂ አልኮል እንዳለ ብቻ ነው፤ የትኛው አልኮል እንደሆነ አይነግራችሁም። በመዳፍ አሽቶ ማሽተት፣ ጠርሙሱን ነቅንቆ አረፋውን መቁጠር፣ ፍሪዘር ውስጥ መክተት፣ አንዳቸውም ሜታኖልን አይለዩም። የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። አረቄ መጠቀም ካለባችሁ ሠሪዋን የምታውቋትን፣ እሷም ቤተሰቧም የሚጠጣውን ውሰዱ። ጠጥቶ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴ በማግስቱ፣ ራሱን የሚያመውና ዓይኑ ብዥ የሚልበት ሰው ካለ "ሃንጎቨር ነው" ብላችሁ አታስተኙት። ጠርሙሱን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። መድኃኒት አለው፣ ግን ሰዓቱ ሳያልፍ ነው።

የታሸገ ቮድካ የምመርጠው ለዚህ ነው። ማስታወቂያ እየሠራሁ አይደለም፣ ብራንድም አልጠራም። ቁጥሩ ተጽፎበታል፣ 40 በመቶ ከሆነ 40 ነው፣ የራሱ ጣዕምና ቅመም የለውም። ጂን ውስጥ ከመጀመሪያው የጥድ ፍሬና ሌላ ቅመም አለ፣ ኡዞ ውስጥ አኔቶሉ አለ፤ ሁለቱም ይሠራሉ ግን ምን ከምን እንደመጣ አታውቁም። ከታወቀ ሱቅ ግዙ፣ ክዳኑ የተነካካ መሆን አለመሆኑን እዩ፣ ከልክ በላይ ርካሽ ከሆነ ተዉት። የተመሳሰለ መጠጥ በዚህ ከተማ ተረት አይደለም።

ከ90 በመቶ በላይ የሆነ ንጹህ አልኮል ለምን ያስፈልጋል? ለሬዚን። ከርቤ ጥሩ ምሳሌ ነው። መርካቶ እጣንና ከርቤ ከሚቸረችሩት ሴቶች የምትገዙት ከርቤ ሁለት ነገር የተዋሃደበት ነው፦ በውሃ የሚሟሟ ሙጫ እና በአልኮል የሚሟሟ ሬዚን። በቮድካ ብትዘፈዝፉት ሙጫው ያብጥና የሚያጣብቅ ጭቃ ይሆናል፣ ሬዚኑ በደንብ አይወጣም። የእንግሊዞች የመድኃኒት መጽሐፍ የከርቤ ቲንክቸር በ90 በመቶ አልኮል ይሠራ የሚለው ለዚህ ነው። እሱም ቢሆን ለአፍ መጉመጥመጫ በውሃ በደንብ ተበርዞ ነው እንጂ እንዳለ አይደለም። ለቅጠል ግን 96 በመቶ አልኮል ትርፉ ትንሽ ነው፤ አረንጓዴውን ቀለምና ሰሙን ጠርጎ ያወጣዋል፣ ውሃ የሚወዱትን ደግሞ ትቶ ይመጣል። የጠነከረ ሁሉ የተሻለ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው መድኃኒት ቤት የሚገባው። ጠርሙሱ ላይ "አልኮል 70 በመቶ" ይላል፣ ዋጋው ከቮድካ ይቀንሳል፣ ቁጥሩም ያምራል። እኔ በበኩሌ የዚህች ከተማ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው ባይ ነኝ። የቁስል አልኮል የተሠራው ለቆዳ ነው። አብዛኛው ዲናቹርድ ነው፣ ማለትም ሰው እንዳይጠጣው ተብሎ የሚመርር ወይም የሚመርዝ ነገር ተጨምሮበታል፣ ሜታኖልም ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ኤታኖል አይደለም፣ አይሶፕሮፒል ነው። አይሶፕሮፒልን ሰውነት ወደ አሴቶን ይለውጠዋል፤ ያ ጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀው አሴቶን። ስካሩ ከተራ አልኮል ይከብዳል፣ ሆድ ያደማል። "ይተናል እኮ" የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። አልኮሉ ሊተን ይችላል፤ የተጨመረበት ነገር ይተናል ያለው ማነው?

ከኮቪድ የተረፈ ሳኒታይዘርም እንዲሁ። በ2012 ዓ.ም. ሁሉም ቤት የገባው ሳኒታይዘር በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ከተሠራ 80 በመቶ ኤታኖል፣ 1.45 በመቶ ግሊሰሪን፣ 0.125 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ወይም ደግሞ በኤታኖል ፋንታ 75 በመቶ አይሶፕሮፒል። ለእጅ ነው፣ በቃ። ከሞላሰስ የሚወጣው የስኳር ፋብሪካዎቻችን ኤታኖልም ለመኪና የተዘጋጀው መኪና ውስጥ ይቅር፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ፣ ከ2011 ጀምሮ 10 በመቶ ሲቀላቀል የነበረው እሱ ነው። ለምድጃ የሚሸጠውም ዲናቹርድ ነው። ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ አሴቶን፣ ቲነር እያልኩ አልዘረዝርም። ፋብሪካዎች ዘይት ለማውጣት ሄክሳን የሚባል ከነዳጅ የሚወጣ ፈሳሽ ይጠቀማሉ፣ እውነት ነው፤ ግን ጠብታ እንዳይቀር የሚያደርግ ማሽንና ቀሪውን የሚለካ ላቦራቶሪ አላቸው። ኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ውስጥ ያ የለም።

አልኮል የማይነኩ ሰዎችስ? በሃይማኖት ምክንያት ይሁን፣ ከመጠጥ ያቆሙ ይሁኑ፣ ለልጅ የሚያስቡ ይሁኑ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ግሊሰሪን ነው። ጣፋጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ከውሃ ጋር ይቀላቀላል። አወጣጡ ግን ከአልኮል ይደክማል፤ ለታኒንና ውሃ ለሚወዱ ነገሮች ጥሩ፣ ለሽታ ዘይት መካከለኛ፣ ለሬዚን ዋጋ የለውም። እንዳይሻግት ከጠቅላላው ፈሳሽ ውስጥ ቢያንስ 55 ወይም 60 በመቶው ግሊሰሪን መሆን አለበት። ግን ከየት ትገዙታላችሁ? ቸርችል ጎዳናም ሆነ ተክለ ሃይማኖት ያሉት መድኃኒት ቤቶች የሚሸጡት አብዛኛው ለቆዳና ለፀጉር የታሰበ ነው። ለምግብ ወይም ለመድኃኒት የተዘጋጀ መሆኑ መለያው ላይ ካልተጻፈ አትዋጡት። ማካበድ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ከ60 በላይ ሕፃናት ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሲሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት በጠጡት የመድኃኒት ሲሮፕ ውስጥ ያገኘው ዳይኢቲሊን ግላይኮልና ኢቲሊን ግላይኮል ነው። እነዚህ ንጽህናው ባልተጠበቀ ግሊሰሪንና መሰሎቹ ውስጥ ተቀላቅለው የሚገኙ መርዞች ናቸው፣ እነሱም ጣፋጭ ናቸው፣ ምላስ አይለያቸውም።

አቼቶ የተረሳ ነገር ነው። 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ማለት ነው በግምት። አልካሎይድ የሚባሉትን፣ ማለትም ብዙዎቹን መራራና ኃይለኛ ነገሮች፣ ወደ ጨው ለውጦ ውሃ ውስጥ እንዲሟሙ ያደርጋል። ለዝንጅብልና ለነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር ጥሩ ይሆናል፣ ለሰላጣም ይሆናል። ዕድሜው ከአልኮል ያጥራል። ጨጓራ ያለበት ይተወው።

ዘይት ላይ ትንሽ ልቆይ። ለፀጉር፣ ለቆዳ፣ ለመታሻ ዘይት ጥሩ ነው፤ ኑግም ይሁን ሰሊጥ ወይ ወይራ። ግን ቅጠሉ ፍጹም የደረቀ ይሁን። እርጥብ ቅጠል ዘይት ውስጥ ሲገባ ውሃውን ይዞ ነው የሚገባው፣ ከዚያ ይሻግታል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የባሰ ነው። ሽንኩርቱ ከአፈር ይዞት የሚመጣው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ አየር በሌለበት፣ አሲድ በሌለበት፣ በክፍል ሙቀት ነው የሚመቸው፤ ዘይት ውስጥ የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት ሦስቱንም ያሟላል። መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውም፣ ጡንቻ ያደክማል፣ ትንፋሽ ያቆማል። ነጭ ሽንኩርት በዘይት መብላት ከፈለጋችሁ ለዕለቱ ሥሩ፣ የተረፈውን ፍሪጅ አስገቡና ከሦስት አራት ቀን አታሳልፉት። ጥቁር አዝሙድን በተመለከተ ደግሞ በአልኮል መዘፍዘፉ ብዙም አይታየኝም። ፍሬው ሲሶው ገደማ ራሱ ዘይት ነው፣ የሚፈለገውም ነገር ዘይቱ ውስጥ ነው፤ የተጨመቀውን ዘይት መግዛት ይሻላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሰው የሚሳሳተው እርጥብ ቅጠል ላይ ነው። አንድ ሰው 100 ግራም እርጥብ ዳማከሴ በ200 ሚሊ ሊትር ዳግም አረቄ ዘፈዘፈ እንበል። እርጥብ ቅጠል ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። አረቄው 45 በመቶ ከሆነ ውስጡ ያለው ንጹህ አልኮል 90 ሚሊ ሊትር ነው። ያ 90 ሚሊ ሊትር አሁን በ200 ሳይሆን በ280 ሚሊ ሊትር ውስጥ ነው ያለው። ሲካፈል 32 በመቶ ይመጣል። አረቄው ተራ ሆኖ 35 በመቶ ከነበረ ደግሞ 25 በመቶ። ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ሻጋታና ባክቴሪያ ይመቻቸዋል፣ 25 ላይ ደግሞ ጠርዝ ላይ ናችሁ። ስለዚህ እርጥብ ከሆነ ጠንካራ አልኮል፤ ደረቅ ከሆነ ቮድካ ወይም ዳግም ይበቃል። በጥላ አድርቃችሁ ብትጠቀሙ ጣጣው ሁሉ ይቀንሳል። ለደረቅ ቅጠል የተለመደው ልክ 100 ግራም በ500 ሚሊ ሊትር ነው።

96 በመቶ የሚጠጣ ንጹህ አልኮል አግኝታችሁ ወደ 60 ማውረድ ከፈለጋችሁ 62 ሚሊ ተኩል ወስዳችሁ ውሃ እስከ 100 ሚሊ ሙሉ። ውሃውን ለብቻ ለክታችሁ አትደባልቁ፤ አልኮልና ውሃ ሲቀላቀሉ ይጠጋጋሉ፣ ድምሩ ከሁለቱ ያንሳል። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን።

ጠርሙሱ ብርጭቆ ይሁን፣ ፕላስቲክ አይሁን። ጠንካራ አልኮልና የሽታ ዘይት ከፕላስቲኩም የራሳቸውን ይወስዳሉ። ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ይሸፈን፣ ብቅ ያለው ነው የሚሻግተው። ጨለማ ቦታ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ በየቀኑ ነቅነቅ። ከዚያ በንጹህ ሻሽ አጥልላችሁ ጭመቁ። መለያ ለጥፉበት፦ ምን ቅጠል፣ ምን ፈሳሽ፣ ስንት በመቶ፣ መቼ። ቁምሳጥን ውስጥ ያለ ስም የለሽ ቡናማ ጠርሙስ አንድ ቀን ልጅ እጅ ይገባል።

አንዳንዱ ይሄም አይበቃውም፣ አልኮሉን በምድጃ አትንኖ "ማጠንከር" ይፈልጋል። ይሄን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ንጹህ ኤታኖል በባሕር ጠለል በ78 ዲግሪ ነው የሚፈላው፣ አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ስለሚያልፍ እዚህ 71 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሳይፈላም ደግሞ በክፍል ሙቀት እንኳ የሚወጣው ትነት ይቀጣጠላል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ ጥግ ላይ ያለ የከሰል ምድጃ ወይም የፍሪጅ ብልጭታ ያገኘዋል። በአንድ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ መስኮት ከፍቶ መሥራት መፍትሔ አይደለም። ጠንካራ ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ብዙ ቅጠል በትንሽ ፈሳሽ ዘፍዝፉ፣ ወይም የተጠለለውን ፈሳሽ አዲስ ቅጠል ላይ መልሳችሁ አፍስሱ።

"ግን እኮ አልኮል ልጠጣ ነው" ለሚለው ስጋት ቁጥሩ ይሄ ነው፦ 2 ሚሊ ሊትር የ45 በመቶ ንክር ውስጥ 1 ሚሊ የማይሞላ አልኮል አለ፤ አንድ 330 ሚሊ ሊትር የሆነ 5 በመቶ ቢራ ውስጥ ከ16 ሚሊ በላይ አለ። ለጤነኛ አዋቂ ይሄ ብዙ አይደለም። ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው ግን፣ በተለምዶ አልኮል ጨርሶ አትቅመስ ነው የሚባለውና፣ ንክሩንም ይተው። የቲቢ መድኃኒት ላይ ያለ፣ ጉበቱን የታመመ፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ፣ ሕፃን፣ እነዚህ ሁሉ መጀመሪያ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ያናግሩ። ፋርማሲስቱን ስታናግሩ የቅጠሉን ስም ብቻ ሳይሆን በምን እንደተዘፈዘፈ ንገሩት፣ እሱን ነው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ፤ ካልጠየቃችሁም እናንተው ንገሩት።

ለጎረቤት መሸጥ ያማራችሁ ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን አንብቡ። ከመሸጣችሁ በፊት ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጎራ ብላችሁ ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልጋችሁ ጠይቁ።